የቆራጩ እጅ

ባለሱቁ አልማዙን በወረንጦ አንስቶ ሃ ብሎ ተነፈሰበት።

ድንጋዩ ላይ ጉም ተኛ። እውነተኛ አልማዝ ላይ እንዲህ ያለ ጉም አይቆይም፤ ወዲያው ብን ይላል። ይሄኛው ግን አልለቅ አለ።

ብርጭቆ ነው።

ሙሽሪት ክው አለች። ፊቷ ላይ ግን ምንም አላስነበበችም። «ሙሽሪት» የሚሏት በስለላ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ነው፤ ጌጣጌጥ ቤት የምትገባው ሁልጊዜ እጮኛ መስላ ስለሆነ። ዛሬም የመጣችው የታሰረው ሰው እጮኛ ነኝ ብላ ነው።

የታሰረው ባልደረባዋ ነው፤ የስለላ ስሙ «ሚዜ»። በዚህ ሱቅ በኩል የኮንትሮባንድ አልማዝ እንደሚያልፍ ለማረጋገጥ ሻጭ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ድንጋይ ጠፋና በእሱ ተላከከ። አሁን ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ላይ ታስሯል፤ ጫማው ይታያታል። ምትክ አልማዝ ከመጣ ይለቀቃል። ካልመጣ ምን እንደሚደርስበት ባለሱቁ በስልክ ነግሯታል፣ የሰርግ ጥሪ እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብሎ።

«እህቴ፣ ምንድን ነው ያመጣሽልኝ?»

«ማጉያውን ያቀብሉኝ።»

ገርሞት ሰጣት። መጀመሪያ ያየችው የድንጋዩን ወገብ ነው፤ ላይኛውና ታችኛው ግማሽ የሚገናኙበትን ቀጭን መስመር። እዚያ ላይ መኖር የሌለባት አንዲት ትርፍ ገጽ ተቆርጣለች፣ የአሸዋ ቅንጣት የማታክል።

የጋሼ ናት።

ጋሼ በመሥሪያ ቤቷ ያሰለጠኗት ሽማግሌ አልማዝ ቆራጭ ናቸው። ጠዋት ድንጋዩን በወረቀት ጠቅልለው በእጇ ያስያዟት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ የነካው ሰው የለም። ቆራጭ ሁሉ የማይተዋት አመል አለችው፤ የኔዋ ወገቡ ላይ የምጨምራት ገጽ ናት፣ ልተዋት ብል እጄ እምቢ አለኝ ይሏት ነበር።

ብርጭቆ አስይዘው ወደ ሞት ላኳት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ሲተርቱት ቀላል ነው። ማልቀስ አማራት። ጊዜው ግን የልቅሶ አልነበረም።

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ፤ ከጀርባው የባለሱቁ ጠባቂዎች አሉ።

«ብርጭቆ ነው» አለች ቀድማው። «እጮኛዬን በዓይኔ ሳላይ እውነተኛውን ላወጣ? ሞኝዎን ይፈልጉ።»

የጣቷን ቀለበት አውልቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ስልጠናዋን የጨረሰች ቀን ጋሼ የሰጧት ነው። ፈርጡን ራሳቸው ቆርጠው፣ አባት የሌላት መሆኗን ስለሚያውቁ፣ ይሄን ከአባት እንደመጣ ቁጠሪው ብለው አጠለቁላት። ስታወልቀው ጣቷ ላይ ነጭ ክብ ቀረ።

ባለሱቁ ተነፈሰበት። ጉሙ ብን አለ።

ነጋዴ ነውና ማናናቅ ጀመረ። ከጠፋው ድንጋይ ያንሳል፤ አቆራረጡም ያው ክብ ነው አለ። ሙሽሪት ሳቀችበት። ክብ ቅርጹ ነው እንጂ አቆራረጡ አይደለም አለችው። በደንብ ተቆረጠ የሚባለው የገባበትን ብርሃን መልሶ ወደ ዓይን ሲልክ ነው፤ ሆዱ የተነፋ ድንጋይ ካራቱ፣ ማለትም ክብደቱ፣ ከታች ተደብቆ ይቀራል፣ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ጣት ላይ ይደበዝዛል። ደንበኛዎ የሚያጠልቀው ቀለበቱን ነው ወይስ ሚዛኑን? ብላ ጠየቀችው።

ከዚያ ማጉያውን አነሳ። ከቀለበቱ ወደ ብርጭቆው፣ ከብርጭቆው ወደ ቀለበቱ።

ሁለቱም ወገብ ላይ ያቺው ትርፍ ገጽ አለች።

«የሁለቱም ቆራጭ አንድ ሰው ነው። ታውቂዋለሽ?»

ጣቷ ላይ የቀረውን ነጭ ክብ በሌላ እጇ ሸፈነች።

«አባቴ ነው።»

ባለሱቁ ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለ። ምነው ከመጀመሪያው ብትነግሪኝ ብሎ ወቀሳት። አባትሽ እኮ የእኛን ድንጋይ መቁረጥ ከጀመሩ ስንት ዘመናቸው፣ የእሳቸው ልጅ ላይማ አልጨክንም አለ። መጋረጃውን ግለጡት ብሎ አዘዘ።

ወይ ጉድ። ጋሼ ለሁለት ጌታ ሲያድሩ ኖረዋል፤ ሚዜም ሱቁ ውስጥ ሆኖ ሊደርስባቸው ተቃርቦ ነበር። ሁለቱ ወጣቶች ከዚህ ቤት ባይወጡ ምስጢሩ አብሯቸው ይቀበር ነበር።

ሚዜን በክንዱ ደግፋ ወጣች። ደጃፉ ላይ ሻርፗን አወለቀች፤ ውጭ አድፍጠው ለሚጠብቁት ፖሊሶች የተሰጠ ምልክት ነው። ከኋላዋ ጩኸትና የሚሰበር መስታወት ሰማች። ዞር አላለችም።

ጋሼ ማዶ ሻይ ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከሩቅ ሊጠብቋት ነበር የመጡት፤ ቢያንስ ለመሥሪያ ቤቱ እንዲያ ብለዋል። ሲያዩዋት ወደ አፋቸው ያነሱት ሻይ መንገድ ላይ ቀረ።

ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አንተ ልትላቸው ነበር፤ አፏ እምቢ አላት።

«ጋሼ፣ ወገቡ ላይ ያቺን ገጽ ቆርጠዋታል።»

እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«ያሳየሁሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«ደግ አድርገው አሳዩኝ።»

«ልጄ...»

«እሱን አይበሉኝ።»

በመስኮቱ የጠቆመቻቸው ሁለት ፖሊሶች ገብተው ክንዳቸውን ይዘው ሲያነሷቸው ሻዩ ገና ይተን ነበር። ሙሽሪት ያኔ አለቀሰች።

ቀለበቱና ብርጭቆው በአንድ ከረጢት ታሽገው ማስረጃ ሆኑ። መልሱልኝ አላለችም። ሚዜ ቢሮ ውስጥ ሥራ ተሰጠው፤ «ሙሽሪት» የሚለው ስምም ተሰረዘ።

አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ጌጣጌጥ ቤት፣ ማንም የማያውቃት ሴት ባንኮኒ ፊት ቆማለች። ሻጩ ሽበታም፣ ፊታቸው ደግ የሆነ ሰው ናቸው። ልጄ፣ እኔን እመኚኝ፣ ንጹሕ አልማዝ ነው አሏት።

«ማጉያውን ያቀብሉኝ» አለች።