በእሷ ስም የገባው ለውጥ

መርማሪዋ የተጠራችው ሰውየው በሞተ በአምስተኛው ቀን ነው። የሆስፒታሉ የመድኃኒት ፓምፕ ለሟቹ፣ ለሦስት ልጆች አባት፣ መድኃኒቱን አሥር እጥፍ ለቆበት ነበር። ፓምፑን የሚያዘው ፕሮግራም የሚሠራው እዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ አለቃው፣ ቀልደኛውና አዲሷ ልጅ ይሠሩታል። ማን ምን እንደቀየረ ኮምፒውተሩ ራሱ ይመዘግባል። ጥፋተኛው መስመር የገባው ማክሰኞ ጠዋት ሲሆን አጠገቡ የልጅቷ ስም አለ።

«ታዲያ እኔን ለምን አስጠራችሁኝ?»

«ለወጉ ያህል ነው» አለ አለቃው። «ዛሬውኑ ይዘዋት ይሂዱ።»

መርማሪዋ ሁለት ቀን ሙሉ ሦስቱንም ጠየቀች፤ የሰማችው «እኔ አልነካሁም» ብቻ ነው። ልጅቷማ አንገቷን ደፍታ «አላስታውስም» ትላለች።

«የኔ እህት፣ እስር ቤት እኮ ነው የምትገቢው! ለራስሽ እንኳ አትከራከሪም?»

መርማሪዋ በብስጭት ናላዋ ዞረ።

«ሁሉን ነገር እኛ የምንጽፈው ይመስልዎታል?» አላት ቀልደኛው። «ከጋራ ገጻችን ገልብጠን እንለጥፋለን እንጂ። አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ የሚለጠፈውን ማዘጋጃ ጽሑፍ እንኳ ያካፈለችን ይቺ ልጅ ናት።»

«አለቃህም ይገለብጣል?»

«እሱ? ከጀማሪ? ምን በወጣው!»

መርማሪዋ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበበችና ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«አለቃ፣ ባለፈው ሳምንት ሥራ ላይ ነበሩ?»

«በየቀኑ!»

«ታዲያ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ስምዎ መዝገቡ ላይ የት ጠፋ? ሰኞ ምን ነበር?»

«አዲስ ኮምፒውተር የመጣለት ቀን ነው» አለ ቀልደኛው።

«አያችሁ፣ ልጅቷ ማዘጋጃውን ያካፈለችው በውስጡ ያለውን የራሷን ስም ሳታወጣ ነው። ሳያነብ የለጠፈ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ሁሉ በእሷ ስም ይገባል። ደግሞ እሷ ለእያንዳንዱ ለውጥ ምክንያቱን ዘርዝራ ትጽፋለች፤ የማክሰኞው ላይ ያለው ‹ተስተካክሏል› ብቻ ነው። የእርስዎ የድሮ ለውጦች በሙሉ እንዲሁ ናቸው። እስቲ አንዲት ፊደል ጽፈው ያስገቡ።»

አለቃው ጽፎ አስገባ። የልጅቷ ስም ወጣ።

«መቼ አወቁ?»

«በሞተ ማግስት። ስሙን ከቀየርኩት ይታወቅብኛል ብዬ ተውኩት።»

ልጅቷ ያን ጊዜ ቀና አለች። «እኔ እኮ መዝገቡን አምኜ...» አለች። «ትናንት የሟቹ ቤት ሄጄ፣ ባለቤትዎን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ሚስቱ እግር ላይ ወደቅሁ።»

መርማሪዋ ቦርሳዋን አነሳች። «ተነሽ፣ ሚስቱ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። አለቃ፣ እርስዎም ይነሱ፤ እውነቱን የሚነግሯት እርስዎ ነዎት።»