አንድ ጥሪ ይቀራል

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማላምን ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና የቀረውን እንደ ፈለጋችሁ ውሰዱት። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በማታ የፈላ ውሃ ደጅ አትድፋ፣ ጂኒ ታቃጥላለህ ስትለኝ እየሳቅኩ የምደፋ ልጅ ነበርኩ። ሥራዬም ለእንዲህ ያለ ነገር አይመችም፣ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ ሲተነፍስ ማንም ሰይጣን ነው አይልም፣ ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ነፍተህ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ታያለህ፣ እዚያው ላይ ትለጥፋለህ፣ አለቀ። የዓለም ነገር ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፣ ወጣቱ በየመንገዱ እየታፈሰ ወደ ሰሜን በሚጫንበት ዘመን። የጎማ መለጠፊያ ቤቴ መገናኛ ነበረች፣ መኖሪያዬ የካ፣ የግድግዳ ጎረቤቴ ደግሞ ጋሼ ቶሎሳ የሚባሉ የመጋዘን ዘበኛ። እሳቸው ዘበኛ ሆነው አልተወለዱም፣ ገበሬ ነበሩ፣ ቤታቸውና እርሻቸው ከኮተቤ ኮረብቶች ወዲያ ነበር፣ በጃንሆይ ጊዜ ግድብ ሲሠራ ውሃው ዋጠው፣ እሳቸውም ሚስታቸውን እትዬ ጫልቱንና ገና ጡት ያልጣለ አንድ ልጃቸውን ለማን ይዘው ወደ የካ ወጡ። ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ አልወለዱም።

ጋሼ ቶሎሳ እሑድ እሑድ ወደዚያው ግድብ ዓሣ ሊያጠምዱ ይሄዱ ነበር፣ እኔም ሥራ ሲቀዘቅዝ መከተል ለመድኩ፣ ከጎማ ሚዛን የተረፈች እርሳስ ለክሩ ክብደት የማቀርበው እኔ ነኛ! ሌላው አጥማጅ ዓሣው የት እንዳለ ሲገምት እሳቸው ያውቁ ነበር፣ ከውሃው በታች ያለው የገዛ ግቢያቸው ነው። «ቆሮሶ ዓሣ መጠጊያ ይወዳል፣ እዚያ ጋ የወይራ አጥሬ ነበረ፣ እዚያ ወርውር» ይሉኛል። «ተው፣ እዚህ አውድማ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ምን ሊያደርግ ይመጣል?» ትንሽ አሳልፌ ከወረወርኩ ደግሞ ይስቁብኛል፣ «አንተ ኑሩ፣ ነውር አታውቅም እንዴ? የእትዬህ ጓዳ ገባህ!» እያሉ።

ከወቅቱ ሁሉ የሚወዱት መስከረምን ነው። ክረምቱ እንደ ወጣ ግድቡ እስከ አፉ ይሞላል፣ ወንዙ ያመጣው አፈር ግን ገና አልረጋም፣ ውሃው ድፍርስ ነው፣ ዓሣው አያይም፣ ስለዚህ በጠረን ነው የምትጠራው፣ ትሉን በኮመጠጠ ሊጥ ለውሰህ። ማልዶ መሄድ ዋጋ የለውም፣ ሌሊቱን ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ውሃውን ስለሚያቀዘቅዘው ዓሣው ጥልቁ ውስጥ ያደፍጣል፣ ፀሐይ ዳር ዳሩን ስታሞቀው ነው ወደ ሣሩ ብቅ የሚለው። ዋናው ሰዓት ግን አመሻሹ ነው፣ ነፋሱ ምግቡን ሁሉ ወደ ምሥራቁ ዳር ሲገፋው፣ እኛም እዚያ ቁጭ ብለን ክሩ ላይ ያሰርናትን ቡሽ እናያለን፣ ብትጠልቅ እንስባለን፣ ባትጠልቅ እናወራለን።

የምናወራው ስለ ለማ ነበር። ለማን እኔም እወደው ነበር፣ ቀልደኛ ልጅ። የገዛ ቤቱ ሲገባ እንደ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፣ አባቱም ከውስጥ «ደጆች! እንግዳው ይግባ!» ይሉታል፣ በየቀኑ፣ ሳይሰለቻቸው። ከመሸ ከሆነ ግን ሦስት ጊዜ መጣራት ነበረበት፣ ምክንያቱም እትዬ ጫልቱ አንድ ሕግ አላት፣ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ከደጅ የጠራን ድምፅ እስከ ሦስተኛው ድረስ አይመለስለትም። «ሰው ሦስቴ ይጠራል፣ ያኛው ግን ሦስተኛውን አይችልም» ትላለች። ያኛው ማለቷ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ስሙን አትጠራውም። እኔ እስቅባት ነበር፣ ጋሼ ቶሎሳ ግን አይስቁም፣ እሳቸውም በዚሁ ሕግ ነው ያደጉት። ለማ እናቱን ለማናደድ ሁለቴ ጠርቶ ጭጭ ይልና ቆይቶ ሦስተኛውን በሳቅ ይለቀዋል፣ እስከ እኔ ቤት ይሰማል።

ታዲያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ በአፈሳ ተወሰደ። መጀመሪያ ሰሞን ደህና ነኝ የሚል ሰላምታ በሰው ደረሰ፣ ከዚያ ወዲህ ጭጭ። ሞተ የሚል መርዶ የለም፣ አለ የሚልም የለም። ጋሼ ቶሎሳ ከሰውነት ተራ ወጡ፣ እትዬ ጫልቱ በሬዲዮ የግንባር ዜና ሲጀምር ተነሥታ ደጅ ትወጣ ነበር።

እንግዲህ ያቺ እሑድ። መስከረም ሊያልቅ ነው፣ በዚያው ሳምንት የቀበሌ ሰዎች ወደ ጋሼ ቶሎሳ ቤት መጥተው «ልጅህ መጥቶ ያውቃል?» ብለው ጠይቀዋቸው ሄደዋል፣ እኛ ምዝገባ መሰለን፣ ያን ጊዜ የማይመዘገብ ነገር አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ግድቡ ደረስን፣ ጥሩ ሰዓት ነበር፣ ዓሣውም ይበላ ነበር፣ ጥቂት ቆሮሶ አወጣን። ከዚያ መብላቱን በአንዴ አቆመ። ይህ ያጋጥማል፣ ለዚህ አልደነገጥኩም። ቀጥሎ ነፋሱ ቆመ፣ እንቁራሪቶቹም አብረው ዝም አሉ፣ ጉም ከኮረብታው ወርዶ ውሃው ላይ ተኛ፣ የወዲያኛው ዳር ጠፋን።

የጋሼ ቶሎሳ መንጠቆ የሆነ ነገር ያዘ። ሳቡት፣ እምቢ አለ። «የበረቱ በር ነው፣ ሁልጊዜ ይይዘኛል» አሉኝ፣ ክሩ እንዳይበጠስ ላላ አድርገው ያዙት። እኔ ደግሞ ያኔ የኩበት ጭስ ሸተተኝ። ልብ በሉ፣ ነፋስ የለም፣ አጠገባችን ቤት የለም፣ ጭሱ ሲመጣ የመሰለኝ ደግሞ ከፊታችን፣ ከውሃው በኩል ነው። ለመናገር አፈርኩ፣ እሳቸው ግን አፍንጫቸውን ቀና አድርገው «ሸተተህ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ከዚያ በሁለታችንም ዓይን ፊት ያ የተወጠረ ክር ማንም ሳይስበው ቀስ እያለ ላላ፣ ቀስ እያለ፣ ሰው በር ከውስጥ ሲከፍት እንደሚሆነው። 

«ቤቶች!»

ወላሂ፣ እንደ ሰማሁት ነው የምነግራችሁ። ከጉሙ ውስጥ ነው የመጣው፣ ጩኸት አይደለም፣ ሰው እንዳይሰማው የፈራ ሰው ድምፁን አፍኖ እንደሚጣራ ነው። የለማ ድምፅ ነበር። ጋሼ ቶሎሳ ብድግ አሉ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ በገዛ እጃቸው አፋቸውን ያዙት።

«ጋሼ፣ ይመልሱ እንጂ!» አልኳቸው።

«ዝም በል! ጀምበሯ ጠልቃለች።»

«ለማ ነው እኮ!»

«ለማ ከሆነ ሦስቴ ይጠራል፣ ያውቃል። ያኛው ከሆነና ከመለስኩለት ግን ልጄን በቁሙ ሸጥኩት ማለት ነው። ዝም በል አልኩህ!»

እኔ አላምንም ብያችኋለሁ፣ ግን የተጠራው ቤት የሳቸው ነው፣ የሚመልሰውም አፍ የሳቸው ነው፣ ምን ላድርግ? ቆምን። ውሃው ንቅንቅ አይልም።

«ቤቶች!»

አሁን ትንሽ ራቅ ብሎ ነው፣ ከቀኙ በኩል፣ ሸምበቆው ካለበት። ጋሼ ቶሎሳ እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል፣ ሁለት ጣታቸውን አንሥተው አሳዩኝ፣ «አንድ ይቀራል» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «አንድ ይቀራል።» ፊታቸው በርቶ ነበር፣ ያን ፊታቸውን አልረሳውም፣ ልጃቸው ጭጭ ብሎ ቆይቶ ሦስተኛውን በሳቅ ሲለቀው የሚጠብቁ አባት ነበሩ።

ጠበቅን። ጨለመ። ክሩን ጠቅልለን ቆመን ጠበቅን፣ ወደ ከተማ የሚመልሰን የመጨረሻው መኪና ሄደ፣ አሁንም ጠበቅን፣ ሦስተኛው አልመጣም። በእግር እንዳንመለስ ሰዓት እላፊ መንገድ ላይ ይይዘናል፣ በዚያ ዘመን ደግሞ ጠባቂዎቹ መጀመሪያ ይተኩሳሉ፣ ከዚያ ማነህ ይላሉ። የግድቡ ዘበኛ ጎጆው ውስጥ አሳደረን። ድምፅ ሰምተህ ነበር ወይ ብንለው ከግድቡ ማዶ ጫፍ እንደ ነበረ፣ ምንም እንዳልሰማ ነገረን። ጋሼ ቶሎሳ በሩ ሥር ተቀምጠው ነጋባቸው።

በማግስቱ የካ ስንደርስ እትዬ ጫልቱ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር፣ ፊቷ አመድ መስሏል፣ እኛ በማደራችን የተጨነቀች መስሎኝ «እትዬ፣ መኪና አምልጦን ነው» አልኳት። ጋሼ ቶሎሳ ግን ገና ሳይቀመጡ የሆነውን ሁሉ ነገሯት፣ ሁለቴ ጠራኝ፣ አንድ ይቀራል አሏት።  የዓሣውን ጆንያ ተቀብላ ዓሣዎቹን ጥጉ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ አልነካቻቸውም፣ በሦስተኛው ቀን ጠረናቸው ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ እኔው ሄጄ ጣልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ቶሎሳ መስከረም በመጣ ቁጥር ግድቡ ዳር ይሄዳሉ። አንዳንዴ አብሬያቸው እሄድ ነበር። መንጠቆው ላይ ትል አያደርጉም፣ ሊጥም አይዙም፣ ክሩን ወደ በረቱ በር ይወረውሩና ይቀመጣሉ። «አይቀርም፣ ይመጣል» ይሉኛል፣ «ልጅየው ቀልደኛ ነው፣ ታውቀው የለ፣ አንድ ነው የቀረው።» ደርግ ወድቆ ወታደሩ በባዶ እግሩ ወደየቤቱ ሲበተን የየካ እናቶች መንገድ ላይ ውሃ ይዘው ቆሙ፣ ጋሼ ቶሎሳ ግን ወደ ግድቡ ነበር የሄዱት። ለማ አልመጣም። እሳቸውም ብዙ አልቆዩም፣ ብርድ መታቸውና በዚያው አለፉ፣ እስከ መጨረሻው ጆሯቸው ደጅ ላይ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ፣ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ እትዬ ጫልቱ ጠራችኝ። ከጎኗ ቁጭ አልኩ።

«ኑሩ ልጄ፣ ያን ማታ እናንተ ግድቡ ዳር ስታድሩ» አለችኝ፣ «ብቻዬን ነበርኩ። ሌሊት ላይ አንድ ሰው ደጄ መጣ። ቤቶች! አለ። ቀስ ብሎ። አንዴ።»

ወደ እሷ ዞርኩ።

«እኔ አንደኛው ነው ብዬ ሁለተኛውን ጠበቅኩ። ከሁለተኛው በኋላ ሦስተኛውን እጠብቃለሁ ብዬ። በሩን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ ልጄ፣ ትንፋሹን ከወዲያ ማዶ እሰማለሁ። ከዚያ እግሩ ሄደ። ነግቶ ጋሼህ መጣና ልጄ ሁለቴ ጠራኝ፣ አንድ ይቀራል አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ይቀራል እያለ ኖረ። የቀረውን አንዱን ልጁ እኔ ደጅ ጠርቶት ሄዷል ብዬ እንዴት ልንገረው?»

እንግዲህ የማላምነው ሰውዬ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። አረፋው ከየት እንደሚወጣ ወዲያው ታየኝ። የቀበሌ ሰዎች መጥቷል ወይ ያሉት ልጁ ከጦሩ ስለጠፋ ይሆናል፣ እሑድ አባቱ የት እንደሚገኝ ያውቃል፣ በጉሙ ውስጥ ከአባቱ ጋር የቆመው ሁለተኛ ሰው ማን እንደሆነ አልለየም፣ ጥበቃ መስሎት ሦስተኛውን ለመጥራት ፈራ፣ ሌሊቱን በኮረብታው አቆራርጦ እናቱ ደጅ መጣ፣ በሰዓት እላፊ ሦስቴ የሚጮህ ማን ነው? አንዴ ጠራ፣ የመለሰለት የለም፣ ሄደ። ሁሉም ገጠመ። ጭሱና ክሩ ብቻ አልገጠሙልኝም። እመኑኝ፣ በሕይወቴ ጂኒ ቢሆን ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ነው።

እትዬ ጫልቱ ክንዴን ጨበጠችው። «አንተ በዚህ ነገር አታምንም አይደል?» አለችኝ። «እውነቱን ንገረኝ። እሱ ነበር?»

«አልነበረም እትዬ፣ ያኛው ነው» አልኳት።

«ማልልኝ።»

«ወላሂ» አልኳት።

ክንዴን ለቀቀችው። ያመነችኝ አልመሰለኝም። የማልኩት በውሸት ይሁን በእውነት እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ጭሱ ትዝ ሲለኝ እውነት ይመስለኛል፣ ትንፋሹን ሰማሁ ያለችው ትዝ ሲለኝ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አሁን መሪ ሰፈር ነው የምኖረው፣ ልጆች ወልጃለሁ። አመሻሽ ላይ፣ በተለይ መስከረም ሲሆን፣ ከደጅ ሰው የተጣራ ይመስለኝና አንደኛው ጥሪ ሳያልቅ «ደጆች! ግባ!» እያልኩ በሩን እከፍታለሁ። ልጆቼ እርስ በርስ ይተያያሉ። «አባ፣ ማንም አልጠራም እኮ» ይሉኛል።