ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትርና አንድ ቀን

ዮሚፍ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። ግን ጠዋት ጠዋት ከኮዬ ፈጬ ወደ ቂሊንጦ በሚወስዳቸው የፋብሪካ ሰርቪስ ውስጥ ስልኩን ይከፍትና ሁለት የተራራቁ አየር ማረፊያዎችን ይመርጣል። ርቀቱን ያያል፣ የበረራውን ሰዓት ያያል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይሄዳል።

አንድ ቀን እንደጨፈነ ከጎኑ ሳቅ ሰማ።

«ፓይለት ነህ እንዴ?»

ዓይኑን ሲገልጥ አንዲት ጠይም ልጅ ስልኩን አጮልቃ እያየች ነው።

«ማሸጊያ ክፍል ነኝ» አላት ደንግጦ።

ፌኔት ትባላለች፤ ማሽን ክፍል ነው የምትሠራው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀድሞ የገባ ቦርሳውን ወንበር ላይ ጥሎ ለሌላው ቦታ ይይዛል። መንገዱ ሲዘጋጋ ሰው ሁሉ ያማርራል፤ ዮሚፍ ግን ባይከፈት ይወዳል።

በአራተኛው ወር ፋብሪካው ፌኔትን ለስድስት ወር ሥልጠና ቻይና፣ ጓንዡ ሊልካት መረጣት። ይህን ስትነግረው ስልኩን ከፈተ። ከቦሌ ጓንዡ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ። መሄጃው አስር ሰዓት፣ መመለሻው አስራ አንድ።

«መመለሻው ለምን ረዘመ?»

«ስትመለሺ ነፋሱ ከፊት ነው አሉ።»

«ሌላ የምትለኝ ነገር የለህም?» አለችው።

ነበረው። ግን ጓደኛዋ ሰልዋ ከኋላ ሆና ጆሮዋን ቀስራለች። «ቦሌ ስሸኝሽ እነግርሻለሁ» አላት።

የትኬቷን ፎቶ ላከችለት። ረቡዕ 00:20 ይላል፤ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሃያ። ዮሚፍ ደጋግሞ አየው።

ረቡዕ ጠዋት አዲሱን ሸሚዝ ለብሶ ሰርቪስ ገባ፤ ከሥራ በቀጥታ ወደ ቦሌ ሊሄድ ነው። ፌኔት እንደማትመጣ እያወቀ በልማድ ቦርሳውን ወንበሯ ላይ አስቀመጠ። ሰልዋ ቦርሳውን አንስታ ተቀመጠችበት።

«ትናንት ማታ ምነው ቀረህ? ልጅቷ ቦሌ በሩ ላይ ስትጠብቅህ አምሽታ ሄደች።»

«ዛሬ አይደል እንዴ? ረቡዕ ይላል እኮ...»

«የፈረንጆቹ ቀን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚጀምረው። የኛ የማክሰኞ ሌሊት ለነሱ ረቡዕ ነው። ደውዪለት ብላት እምቢ አለች። በረራ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ የቀረው ባይፈልግ ነው ብላ።»

ዮሚፍ ሰዓቱን ወደ ሀገሩ አቆጣጠር መልሶት ነበር። ቀኑን መመለስ ግን ረሳ!

ወዲያው ጻፈላት፤ «ቀኑን ተሳስቼ ነው። ቦሌ ልነግርሽ የነበረው እንደምወድሽ ነው። መመለሻው ቢረዝምም እጠብቅሻለሁ።»

አንድ ቀን አለፈ። ሁለት... አራት... አየር ማረፊያ መፈለጉን ተወ። ዓይኑን ሲጨፍንም የሚታየው የቦሌ በር ብቻ ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ፤ የፌኔት መልስ ነው። ስልኳ እዚያ አልሠራ ብሏት የሱ መልእክት ገና መድረሱ ነው። የመልሷ መጨረሻ ላይ «ወንበሬን ያዝልኝ» ይላል።

ስድስት ወር ሙሉ ያዘላት። የሚቆመው ሰው በዝቶ ሲያጉረመርሙበት ሰልዋ «ሰው አለው» እያለች ትመልስለታለች።

ፌኔት የምትገባው ማክሰኞ ንጋት ነበር። ሻንጣዋን እየገፋች ብቅ ስትል ዮሚፍ ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ ከሩቅ ታያት። አጠገቡ ደርሳ ቆመች።

«ብዙ ጠበቅክ?»

«ከትናንት ጀምሮ።»

«ምን?»

«እንዳልሳሳት ብዬ ሰኞም መጥቼ ነበር።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ታክሲ ውስጥ ሲገቡ ዮሚፍ እስከ ኮዬ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሊያይ ስልኩን አወጣ። ፌኔት በመዳፏ ሸፈነችበት።

«ተወው» አለችው፣ ትከሻው ላይ ጋደም ብላ። «መንገዱ ቢዘጋጋም እኔ እወዳለሁ።»