መሀል የሌለው ቃል

የሰመራ ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ትበሳለች። የኮምፒውተር ማሰልጠኛው ወለል ላይ መምህር ፍቅረሰላም በደሙ ተነክሮ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ በጎማ መፍቻ ብረት ተፈርክሷል። ገዳዩ አንዴ መትቶ አልበቃውም፤ ደጋግሞ ነው የወቀጠው። ምን ዓይነት አውሬ ነው እናንተ!

ደጅ ላይ የሟች ዘመዶች ድንጋይ ጨብጠው «ካሊድን አውጡልን!» ይላሉ። ረዳት መምህሩ ካሊድ ጥግ ይዞ ቆሟል። ኢንስፔክተር እታፈራሁ ገብቷታል፤ ነፍሰ ገዳዩን አሁኑኑ ካላገኘች ይህ ልጅ ከዚያ በር በሕይወት አያልፍም።

ካሊድን ያስወነጀለው የሟች ስክሪን ላይ የተገኘው ጽሑፍ ነው፦ «ድሊካ ኝገድለሊ ተዛ»።

«ይኼ ደግሞ የምን ቋንቋ ነው?» አለች እታፈራሁ።

«የፍቅረሰላም ነው» አለች ጸሐፊዋ ሎዛ እንባዋን እየጠረገች። «ማስታወሻውን ሰው እንዳያነብበት ፊደሉን በኮምፒውተር ያገላብጠዋል። ‹ካሊድ ሊገድለኝ ዛተ› ማለት ነው።»

«ወላሂ አልዛትኩም! አዋሽ ላይ አብረን ማሰልጠኛ ልንከፍት ነበር እኮ!»

የማሰልጠኛው ባለቤት አቶ አምባዬ ከንፈራቸውን መጠጡ። በዚያ ሙቀት የሸሚዛቸውን ረጅም እጅጌ እስከ አንጓቸው ቆልፈዋል። «እኔ ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር ኮምፒውተር አልችልም፤ ሟች ግን አይዋሽም» አሉ።

እታፈራሁ በሩን ከፈተችና የሟችን ታላቅ ወንድም ጠራች። «ፈንታ፣ ድንጋይህን እንደያዝክ ግባ። አንተም ስማ።»

ከዚያ ወደ ካሊድ ዞረች። «ማገላበጫው እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ቃሉን ሦስት ቦታ ከፍሎ ይይዘዋል፦ መጀመሪያውን ፊደል፣ መሀሉን፣ መጨረሻውን። ከዚያ መጨረሻውን ፊት፣ መጀመሪያውን ኋላ ያደርጋል። መሀሉ አይነቃነቅም።»

«መሀል የሌለውስ ቃል?»

«እሱን አይነካውም።»

«በል ያንኑ ዓረፍተ ነገር አስገባ።»

ካሊድ ቁልፉን ተጫነ። «ድሊካ ኝገድለሊ ዛተ» የሚል ወጣ።

«አያችሁ?» አለች። «‹ዛተ› ሁለት ፊደል ነው፤ ማሽኑ አለፈው። ሟች ቢጽፈው ኖሮ እንደዚህ ይቀር ነበር። ያኛውን የጻፈው እያንዳንዱን ቃል በእጁ የገለበጠ ሰው ነው። ካሊድና ሎዛ ማሽኑን በየቀኑ ያሠሩታል፤ ቁልፍ መጫን እያለ በእጅ ለመገልበጥ ምን አደከማቸው? የቀረው ከኋላ ቆሞ ሲያይ የኖረ፣ ደንቡን ግን የማያውቅ ነው። አቶ አምባዬ፣ እስቲ እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

አልሰበሰቡም። አብሯት የመጣው ፖሊስ ቀደደው። ክንዱ በጥፍር ተቦጫጭሯል፤ ሟች እየታገለ ነው የሞተው።

«ተማሪዬን ሁሉ አስከትሎ ሊሄድ ነበር!» ብሎ ጮኸ አምባዬ። «የቀጠርኩት እኔ! ያበላሁት እኔ!»

ፈንታ ድንጋዩን ወረወረ። እታፈራሁ መሀል ገባች፤ ትከሻዋን አገኛት። እያቃሰተች «ይህንንም ቢሆን አልሰጥህም፤ ለፍርድ ነው» አለችው።

ፈንታ ባዶ እጁን አይቶ አለቀሰ። ከዚያ ጥግ ወደቆመው ልጅ ዞረ። «ካሊድ፣ ይቅር በለኝ። ና፣ ሬሳውን በፊት በኩል አንተ ያዝ።»