የሚነቃነቀው አግዳሚ ወንበር

አንድ ሰው አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። አንጀቴን በላው።

በክሊኒኩ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ኤችአይቪ በደማቸው መኖሩን ገና የሰሙትን ማጽናናት፣ ስለ መድኃኒቱ ማስረዳት፣ ከቀጠሮ የቀረውን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ። ቃሌን የሚያምኑኝ እኔም ቫይረሱ በደሜ ስላለ ነው።

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አይዞህ ወንድሜ።»

«እኔ እኮ...»

«ግድ የለም፣ አትናገር። እኔም ያን ቀን አፌ ተሳስሮ ነበር። ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ! በየቀኑ አንድ ኪኒን እውጣለሁ፤ ቫይረሱ አሁን በምርመራ እንኳ አይታይም። እሠራለሁ፣ እስቃለሁ... ማፍቀርም ይቻላል።»

የመጨረሻዋን ስል ድምፄ ሰለለ። ለሰው እነግራታለሁ እንጂ ለራሴ አምኛት አላውቅም።

ሰውየው ዓይኑን ሳይነቅል አዳመጠኝ። ይሄኔ ሲስተር ከምርመራ ክፍል ብቅ አለች።

«አናጢው! የትኛው የወንበሩ እግር እንደሚነቃነቅ አገኘኸው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

«ለምን ዝም አልክ?» አልኩት፣ ፊቴ እየነደደ።

«ጨዋታሽ እንዳያልቅብኝ ፈርቼ።»

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። በሌላውም ሳምንት። አንዴ ምስማር ላጥብቅ ይላል፣ አንዴ ቫርኒሽ ልቀባ። እኔ ካርድ ክፍል እደበቃለሁ። በመጨረሻ ሲስተር ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንተ ሰው፣ ወንበሩ እኮ ድኗል! የታመምከው አንተ ነህ።»

ከተደበቅሁበት ሳቄ አመለጠኝ። በሩን ከፍቶ ቆመ።

«አዝነህልኝ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ» አልኩት።

«ምን አሳዘነኝ? ተመርምሬያለሁ፣ ሲስተርንም ጠይቄያለሁ። መድኃኒቱ ካልተቋረጠና ቫይረሱ በምርመራ ሳይታይ ከቆየ፣ ከሚስት ወደ ባል አይተላለፍም ብላኛለች። ያልጠየቅሁት አንቺን ብቻ ነው።»

እወደው ነበር። ግን ድሮ አንድ እጮኛ ነበረኝ፤ እናቱ ውሃ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ቆሻሻ ውስጥ ስትጥለው በዓይኔ አይቻለሁ።

«መጀመሪያ ለእናትህ ንገራቸው» አልኩት። «ከከፋቸው፣ እባክህ ተመልሰህ አትምጣ።»

ሄደ። አንድ ሳምንት... ሁለት... ሦስት። ሰው በሌለበት ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እወዛወዛለሁ፤ ቢነቃነቅልኝ ብዬ። ወይ ፍንክች!

አንድ ጠዋት፣ የውሃ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ስገባ፣ ወንበሩ ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። አንዴ ተሳስቻለሁና አስቀድሜ ጠየቅሁ።

«እማማ፣ ለምርመራ ነው ወይስ ለወንበሩ?»

«ለምራቴ ነው!»

ቀና ስል አናጢው በሩ ላይ ቆሟል፤ መዶሻ እንኳ አልያዘም።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ!» አልኩት፣ እንባዬ እየመጣ።

«እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አሉ እናቱ። «ጉልበቴ እስኪሻለኝ ጠብቅ አልኩት። ብቻውን ቢመጣ አሁንም ዝም ብሎ ይመለሳል!»

ከቦርሳቸው የደም ግፊት ኪኒናቸውን አወጡ። ከዚያ የጀመርኩትን ብርጭቆ ከእጄ ተቀበሉኝና በእሱ ውሃ ዋጡት።

«አንቺስ ልጄ፣ ኪኒንሽ በስንት ሰዓት ነው?»

«ማታ... አንድ ሰዓት ላይ።»

«እኔ እረሳለሁ። እንግዲህ ቤት ስትገቢ የእኔንም አንድ ሰዓት እናደርገዋለን፤ አብረን እንውጣለን።»