ከፊርማዋ በታች

በአጎቷ የኢንቨስትመንት ቢሮ ውስጥ ስሟ «ዟሪት» ነው። ሥራዋ ገንዘብ የሚገባባቸውን ፋብሪካዎች ማጥናት ነው፤ የአንዱን በር በዓይኗ ሳታይ ስለ እሱ አንድ መስመር አትጽፍም፤ ደሞዟን የሚበላው ጫማ ነው እያሉ ይስቁባታል።

አንድ ወጣት ደግሞ ያንኑ ጥናት በደቂቃ የሚሠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ይዞ መጣ። ሁለት ዓመት የለፋበት የገዛ ሥራው ነው። አጎቷ ወደዱትና አንድ ወር ፈትሻ እንድትፈርምበት ለእሷ ሰጧት። እሷ «አይሆንም» ካለች ልፋቱን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

በዚያ ወር የሆነውን ቢሮው ሁሉ ያውቃል። መሣሪያው የሚለውን ከደብተሯ ጋር ስታመሳክር፣ እሱ ከስክሪኑ ይልቅ እሷን ማየት አበዛ። አውቃ እንዳላወቀች ሆነች፤ ግን ያን ሰሞን ፀጉሯን መሠራት አዘወተረች።

በመጨረሻው ሳምንት መሣሪያው አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ አወደሰ፤ በሦስት ፈረቃ ይሠራል፣ ገንዘብ ይግባበት አለ። እሷ መች አምና! ወጣቱን ጎትታ አውቶቡስ አሳፈረችው። ሲደርሱ የበሩ ጓጉንቸር ዝጓል፣ ግቢውን ሣር ውጦታል። ዘበኛው ከተዘጋ ዓመት አልፎታል አላቸው። መሣሪያው ያነበበው ባለቤቶቹ ስለ ራሳቸው የጻፉትን ነበር።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ።

«ብትፈርሚ ማንም አያውቅም» አላት በመጨረሻ፣ ዓይኗን ሳያይ።

«እወድሃለሁ» አለችው። እስከዚያች ሰዓት ብላው አታውቅም። «ግን አልፈርምም። ሰው በዚህ ወረቀት አምኖ የልጆቹን ገንዘብ ያወጣል።»

እጁን ሰብስቦ ወደ መስኮቱ ዞረ። አበቃልኝ ብላ ቤቷ ገባች። አለቀሰች፤ እያለቀሰች የጻፈችው ግን «አይሆንም» የሚል ነው።

በማግስቱ አጎቷ በእሱ ፊት ሪፖርቱን አንብበው ተቆጡ። ወይ ቃሏን ትቀይር ወይ ዕቃዋን ትሰብስብ አሉ። ንቅንቅ አላለችም። ያኔ እሱ ከወንበሩ ተነሳ፤ እስክሪብቶውን ከእጇ ወስዶ ከፊርማዋ በታች ፈረመ።

«በሩን አብሬያት አይቼዋለሁ» አለ። «መሣሪያውን እስካስተካክል ድረስ አልሸጥም።»

አጎቷ ወረቀቱን እያገላበጡ ሁለቱን አዩ። «ይሄ የጋብቻ ውል መሰላችሁ እንዴ፣ ሁለት ሆናችሁ የምትፈርሙት?»

ዟሪት ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ያኛውንም እንፈርማለን፣ ጋሼ። እርስዎ ምስክር ይሆኑናል።»