ሳይጠረግ አይታጠፍም

ካሊድ ሰኞ ገበያ ባለው የወንድሙ ወፍጮ ቤት በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የሚዛን ብረት አጠገቡ ወድቋል። ፒያሳ ካፌ ተቀምጠው ተጣጣፊ ስልካቸውን ቀጭ እያደረጉ ሲከፍቱና ሲዘጉ ትልቅ ሰው የሆኑ ለሚመስላቸው ሁሉ ስልኩን የሸጠው እሱ ነበር። የራሱም ታጥፎ፣ ዱቄት ለብሶ ከእጁ ስንዝር ርቋል።

«ቀድማ የተገኘችው ሚስቱ ናት! ውሰዷት!» ይላል ወንድሙ ጣሀ።

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። ለይላ ጡት ያልጣለ ልጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። የካሊድ ሱቅ ስልክ ጠጋኝ አቤ በር ላይ ቆሞ ያለቅሳል፤ ለቅሶው ያምርበታል። ኢንስፔክተር ሥርጉት ሁሉንም በንቀት አየቻቸው። ሬሳ ሳይነሳ ጥፋተኛ የሚያድል ዘመድ ያንገሸግሻታል።

ጓንት አጥልቃ የሟቹን ስልክ ዘረጋችው። መሃሉ ላይ አንዲት የዱቄት ቅንጣት የለም።

«ስልኩን የነካ አለ?»

ሁሉም ካዱ።

«ወላሂ አልነካሁም» አለች ለይላ። «ሆጤ ሰፈር፣ ጎረቤት ቤት ሆኜ ከሱ ጋር እያወራሁ ነበር። ‹ለኮምቦልቻው ደንበኛ አሮጌ ስክሪን ተገጥሞ ነው የተሸጠለት፣ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ› አለኝ። ከዚያ ዷ የሚል ሰማሁ። ድምፁ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ መስመሩ ተቋረጠ። ባጃጅ ይዤ መጣሁ።»

ሥርጉት የጣሀን ተጣጣፊ ስልክ ተቀብላ በራሷ ስልክ ደወለችበት። ጥሪውን አነሳችና ስልኩን እንደተዘረጋ ዱቄቱ ላይ ደፋችው።

«አንሳና እጠፈው።»

ጣሀ እንደ ሳጥን ክዳን ገጠመው። የሥርጉት ጥሪ ተቋረጠ።

«ኧረ!» አቤ ጮኸ። «ሳይጠረግ ይታጠፋል እንዴ? አንዲት ቅንጣት ስክሪኑን ትጨርሰዋለች!» ከኪሱ ለስላሳ ጨርቅ መዞ ወደ ስልኩ ተንደረደረ።

መሃል ላይ ደርሶ ቆመ።

«ሲታጠፍ መስመሩ ይቋረጣል» አለች ሥርጉት። «ካሊድ ከወደቀ በኋላ መስመሩ ክፍት ነበር፤ ስለዚህ ያጠፈው ገዳዩ ነው። ዱቄት ላይ ተዘርግቶ የወደቀ ስልክ ደግሞ መሃሉ ንጹህ አይሆንም። ገዳዩ መጀመሪያ ጠርጎታል። ለይላ የመስመሩ ሌላ ጫፍ ላይ፣ ጎረቤቶቿ መሃል ነበረች። ጣሀ ሳይጠርግ ሲያጥፍ አያችሁት። አሮጌውን ስክሪን የገጠመው ማነው አቤ?»

«እኔ… እጄ ለምዶ ነው…»

«ለስልኩ አዘንክለት። ሰውየውን ግን ደፍተኸው ሄድክ።»

ካቴናው አቤ እጅ ላይ ገባ። ለይላ ልጇን ታቅፋ ባሏ አጠገብ ተቀመጠችና ተንሰቀሰቀች። ጣሀ ይቅርታ አልጠየቃትም፤ ስልኩን ከፍቶ በሸሚዙ ጫፍ ዱቄቱን ይጠርግ ነበር።